እታለም የዘጋችው የውሃ በር

ማዳም ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ እስኪል ስነዳት አንድም ቀን ከፊት ገብታ አታውቅም። ባለፈው ሚያዝያ፣ ረፋድ ላይ፣ ዳማም ካለ አንድ ሆስፒታል ደጃፍ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቃት፣ ከውስጥ ወጣችና የፊቱን በር ከፍታ ከጎኔ ተቀመጠች። ገና ሳትናገር አወቅሁ። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ታዱ ኸላስ» አለች። ከዚያም እነሱ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚሉትን አለችኝ። መኪናውን ያለ ምክንያት አስነሳሁት፤ መልሼ አጠፋሁት።

ታዱ የሚሏት እህቴን ነው። ስሟ ታደለች ነው። በዘጠኝ ዓመት ስለምትበልጠኝ እኔ እታለም ነበር የምላት። አል ኸበር፣ አል ዐዚዚያ ውስጥ፣ በአንድ ቤት ስምንት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው የሞተችው። እኔ የዚያው ቤት ሹፌር ነኝ።

ከሞተች በኋላ የሚያውቋት ሁሉ ስለ እሷ ጥሩ ጥሩውን ተናግረዋል። እውነታቸውን ነው። እኔም እናገራለሁ። ግን አስቀድሜ የምለው አለኝ፤ መጨረሻ ላይ ካስቀመጥኩት እንደማልጽፈው ራሴን አውቀዋለሁ። እህቴ ባለፈው ነሐሴ ከእንግሊዝ አገር ደወለችልኝ። ልመለስ ወይስ ልቅር ብላ ልትጠይቀኝ ነበር። ስልኩን እያየሁት አላነሳሁም። ይኸው ነው።

ያደግነው ሆሳዕና ነው። እታለም ልጅ ሆና ስትዘምር ድምፅዋ ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አልፎ ይሰማ ነበር። እዚህ ያ አይሆንም። እዚህ ጸሎታችን መጋረጃ ተጋርዶ፣ በለሆሳስ ነው። በሥራ ቤት ደግሞ ጭራሽ የለም። እሷ ግን አንድ ዘዴ ነበራት። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ማሽኑ ውሃውን አፍስሶ ልብሱን ለመጭመቅ በኃይል መዞር ሲጀምር እሷም ትጀምራለች። ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ማሽኑ ሲያቆም ታቆማለች፤ አንዳንዴ ቃሉን ከመሐሉ ቆርጣ።

«ለምን መስመሩን አትጨርሺውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ለነገ ልብስ አስቀምጬዋለሁ» አለችኝ።

ሌላ ልማድም ነበራት። ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆምና ሥዕል የተሰቀለበት ይመስል ግድግዳውን ታያለች። ግድግዳው ባዶ ነው። «ምን ታያለሽ?» ስላት «ቀለሙን» ትለኛለች። እስቅ ነበር። አሁን ትንፋሿን እየሰበሰበች እንደነበር ገብቶኛል። ያኔም ልብ ያለው ሰው ቢሆን ይገባው ነበር።

እኔን ያመጣችኝ እሷ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ስቀመጥ፣ «መንጃ ፈቃድ አውጣ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» አለችኝ። ከዚያ ማዳምን አንድ ዓመት ለመነች። ማዳም ባሏን ለመነች። ባሏን ሁላችንም ባባ ነው የምንለው። የእሷም የእኔም ካፊል፣ አስመጪያችንም ዋሳችንም፣ እሱ ነው። የሁለታችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በአንድ ሰው ስም ነበር ማለት ነው። ይህን የምናገረው ለኋላው ስለሚያስፈልግ ነው።

የመጣሁ ዕለት በር ላይ ተቀብላኝ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ማስተማር ጀመረች። «ሦስት ቃል ይበቃሃል። ሲጠሩህ ሐዲር በል። ሲቆጡህ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ በል። ሲበቃህ ኸላስ ይባላል፤ እሱን ግን በልብህ በለው።» በመጀመሪያው ወር መኪናውን ከግቢው በር ምሰሶ ጋር አጫጫርኩት። ፈርቼ ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። እታለም ቀድማኝ ማዳም ዘንድ ገብታ፣ የቆሻሻ በርሜሉን መንገድ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ፣ እሱን ሲሸሽ ነው ብላ ተናገረች። በርሜሉ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር። ማዳም አንድ ሳምንት ኮረፈቻት። እኔ እውነቱን ልናገር ብዬ ተነስቼ ነበር። ተነስቼ ነበር እላለሁ እንጂ አልተናገርኩም።

በመጣሁ በሦስተኛው ወር አጠገባችን ባለው ቤት አንድ ነገር ሆነ። ቤተሰቡ ለዕረፍት አውሮፓ ሄዶ ሠራተኛቸው እዚያው ጠፋች። የቤቱ ሹፌር የአክስቷ ልጅ ነበር። ስለ ነገሩ የሚያውቀው የለም። በሳምንቱ ኹሩጅ፣ ከአገር መውጫው፣ ተመታለት። ልብሱን በጥቁር ፌስታል ይዞ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሰላም ልለው ብል፣ «አንተም እህት አለችህ አይደል?» አለኝና ሄደ።

ባለፈው ነሐሴ የእኛም ቤተሰብ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ኑራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ ከተወለደች ጀምሮ ያሳደገቻት እታለም ናት፤ ያለ እሷ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ እታለምን ይዘዋት ሄዱ። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ሦስት ሳምንት ቆዩ። ከዚያ ሁሉ ቀን እታለም ተመልሳ ያወራችው አንዱን ቀን ብቻ ነው። ስለ ሱቁ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ባቡሩ ብትጠይቃት «ጥሩ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ባባ ጀልባ የተከራየበትን ቀን ግን ስንቴ እንዳወራችው።

ከሁሉ ደስ ብሏት ያወራችው ዳማም፣ አል አዳማ ሰፈር ሆነን ነው። አርብ አርብ ማዳም ልጆቿን ይዛ አል ሙሐመዲያ እናቷ ቤት ምሳ ትበላለች። እነሱን አውርደን ሦስት ሰዓት እናገኛለን። ጋሽ ደሳለኝ የሚባሉ የኤሲ ጠጋኝ አሉ፤ አል አዳማ ባለው ቤታቸው ነው ለጸሎት የምንሰበሰበው፤ ስንበዛ አሥር ሰው እንሆናለን። ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን «እስቲ ስለ ጀልባው ንገሪን» አሏት።

«በወሬ አይገባችሁም፤ ተነሱ» አለች እታለም። «ጋሼ፣ እርስዎ በር ይሁኑ።»

«ለምን ጀልባውን አልሆንም?»

«ጀልባው ቀጭን ነው።»

ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። እዚያ ቤት ሳቅም በልክ ነው። ጋሽ ደሳለኝንና ባለቤታቸውን ትከሻ ለትከሻ አቁማ የፊት በር አደረገቻቸው። ሁለት ሴቶች ደግሞ የኋላ በር ሆኑ። «አቡሽ ጀልባ ነው፤ ቀጭንም ነው፣ ቀርፋፋም ነው» ብላ እኔን መሐል አስቀመጠችኝ። አቡሽ የምትለኝ እኔን ነው።

«ይኸውላችሁ፤ ቦይ ነው። እንደ መንገድ ረጅም ነው፣ ግን ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ዳገት አይወጣም። አገሩ ግን ዳገት አለው። ስለዚህ ለውሃው ደረጃ ሠርተውለታል። ጀልባው ከታች ይገባል። ከኋላው በሩ ይዘጋል።» ሁለቱ ሴቶች ተጠጋጉ። «አሁን ጀልባው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በግራ በቀኝ ረጅም ግንብ፣ አረንጓዴ ነገር የበቀለበት፣ ቀዝቃዛ። እኔ ላይ ቆሜ በብረት አዞራለሁ።» የሻይ ማንኪያውን ይዛ በአየር ላይ አዞረች። «ከላይ ያለው ውሃ ይለቀቅና ይገባል። ጀልባው ይነሳል። ተነሳ አቡሽ፤ ቀስ ብለህ።»

ቁጢጥ ካልኩበት ቀስ ብዬ ተነሳሁ።

«በሩን ግፋው።»

ጋሽ ደሳለኝን ገፋኋቸው። አልተነቃነቁም።

«አየህ፤ ውሃው በሁለቱም ወገን ሳይተካከል በሩ በዓሥር ሰው ጉልበት አይከፈትም። ባባ ገፋ፣ ገፋ፣ ፊቱ ቀላ። ሽዋይ ሽዋይ፣ ቀስ በል አልኩት። ውሃው ሲተካከል በጀርባዬ ደገፍ ብል ተከፈተ።»

«እኔም ደክሞኛል፣ ልከፈት» አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

ከዚያ ወዲያ ለሁሉ ነገር መልሷ ይኸው ሆነ። ማዳም ስትቆጣ፣ እኔ ስበሳጭ፣ ከቤት መጥፎ ወሬ ሲመጣ፣ «ቆይ፣ ውሃው ይተካከል» ትላለች። ብዙ ጊዜም ይተካከል ነበር።

የባባን ነገር ስትናገር ደግሞ ሻይዋ ይቀዘቅዛል። ባባ በኸበርና በዳማም መንገድ ላይ መኪና ሁሉ የሚሸሸው ሰው ነው። እዚያ ግን ጀልባው ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ውሻ የምታንሸራሽር ሴት በዳሩ በኩል አልፋቸው ስትሄድ ጥሩምባ ነፋባት፤ ሴትዮዋ ዘወር ብላ እጇን አወዛወዘችለት። መሪው ደግሞ በተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ለመሄድ ወደ ግራ ይገፋል። ሦስቴ ከዳሩ ጋር አላተማቸው። ማዳም ቴርሞሷን አቅፋ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትል ነበር።

«ሌላው ሕግ ደግሞ፣ ያለፈ ሰው በሩን ይዘጋል» አለች እታለም። «ክፍት ትቶ መሄድ እዚያ ነውር ነው። ስለዚህ ጀልባው ወጥቶ ሲሄድ አንድ ሰው ዳር ላይ ይቀራል። በሩን ዘግቶ በእግሩ ይከተላል።»

«ማን ነበር የሚቀረው?» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«ማን ይመስልሻል?»

ሳቁ። «ይኼን ስሙ ደግሞ» አለች። «ማዳም ቦርሳዬ ውሃ ውስጥ ይገባብኛል ብላ ፈራች። አንቺ የብስ ላይ ነሽ ብላ አንገቴ ላይ አጠለቀችው። የሁላችንም ፓስፖርት እዚያ ውስጥ ነው። የእኔም። ሰባት ዓመት እጄ ያልገባ፣ አየር ማረፊያ ላይ እንኳ ባባ የሚይዘው። ውሃ ፈርተው ራሳቸው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ።»

ሰው ሁሉ እየሳቀ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ጀልባ ስለነበርኩ ማንም ልብ አላለኝም።

የዋሻውን ነገር ግን ለእነሱ አልነገረችም። በዚያው ቀን ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።

«ተራራውን ከሥር በስተውታል» አለችኝ። «በእግር የሚሄዱበት ዳር የለውም። መብራትም የለም፤ ጀልባው አፍንጫ ላይ አንዲት አምፖል ብቻ። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ኑራ ፈርታ ብብቴ ውስጥ ገባች። ሞተሩ ግንቡን እየመታ ይጮኻል፤ የራስህን ድምፅ አትሰማም። የማጠቢያው ማሽን ማለት ነው አቡሽ። ግን አያቆምም።»

«ዘመርሽ?»

«መጀመሪያ በቀስታ ነበር። ከዚያ የሆሳዕናውን ድምፅ አወጣሁት። መስመሩን ጨረስኩት። መዝሙሩን ጨረስኩት። ሌላ ጀመርኩ፣ እሱንም ጨረስኩት። ዋሻው አላለቀም።»

ብርሃን ላይ ሲወጡ ኑራ እናቷን «ማማ፣ ታዱ ስትዘፍን ነበር» አለቻት። ማዳም ዞራ እታለምን አየቻት። ቆይታ አየቻት። ከዚያ ልጇን «ማፊ፤ ሞተሩ ነው» አለቻት።

«ሰምታለች እኮ» አለችኝ እታለም። ፈገግ ብላ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። «ሰምታ ነው።»

ወሬዋን ሁልጊዜ የምትጨርሰው በአንድ ዓይነት ነው። «የመጨረሻውን በር ዘጋሁ፣ ሮጬ ደረስኩባቸው፣ ኑራ እያለቀሰች ነበር።» አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ትዘልላለች። የዘለለችውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት በድምፅ መልእክት ልካልኝ ስለነበር።

እዚህ ከሰዓት ነበር። ግቢ ውስጥ መኪናውን አጥባለሁ። በነሐሴ ከቧንቧው የሚወጣው ውሃ ራሱ ይፋጃል፤ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ሸሚዝ ገላ ላይ ያጣብቃል። ስልኬን የመኪናው ሞተር ክዳን ላይ አስቀምጬዋለሁ። መልእክቱ ሲገባ እጄን ጠርጌ ከፈትኩት።

«አቡሽ፣ የውሃው በር ላይ ነኝ። ጀልባው ሄዷል፣ መታጠፊያውን አልፏል፣ አይታየኝም። ስማኝ። ብረቱን ሳዞር ደከመኝና የበሩ ግንድ ላይ ቁጭ ስል አንዲት አሮጊት መጣች። በሩን በበጎ ፈቃድ የምትጠብቅ ናት። ነርስ ነበርኩ አለችኝ። እጄን ይዛ ቆጠረች። ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ልብሽ ጥሩ አይደለም፣ ዶክተር፣ ዶክተር ትለኛለች። ቅሪ፣ የሚያሳክም ሰው አለ ትለኛለች። እንግሊዝኛዬ አይበቃም፤ ግን የገባኝ ይህ ነው። ቤቷ ከዚህ ይታያል፣ በሩ ቀይ ነው። ፓስፖርቴ አንገቴ ላይ ነው አቡሽ። እኔ ብቀር አንተን ምን ያደርጉሃል? ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ። አሁን እደውላለሁ፣ አንሳ።»

ከድምፅዋ ኋላ ውሃ ሲፈስስ ይሰማል። ትንፋሿም ይሰማል፤ በየሁለት ቃሉ ትቆማለች።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ክዳኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ይንሸራተት ነበር። እንዳይወድቅ ያዝኩት። በእጄ ይዤ ስሟን አየሁት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

በዚያ ሰዓት ያሰብኩትን ልናገር። የጎረቤቱን ሹፌር ፌስታል አሰብኩ። ሆሳዕና ተመልሼ ያው ደጅ ላይ ስቀመጥ ታየኝ። ልብሽ ጥሩ አይደለም የሚለውን ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። እሷ ጠንካራ ናት አልኩ። ቅሪ ብላት እኔ እባረራለሁ። ነይ ብላት ነይ ያልኳት እኔ እሆናለሁ። ምንም ካላልኩ ግን ራሷ ትወስናለች፣ እኔ የለሁበትም። ይህ በዚያን ጊዜ ብልሃት መስሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው ላይ የታጠበውን መኪና እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች። አነሳሁ።

«ትናንት ባትሪ ጨርሼ ስልኬ ተዘግቶ ዋለ» አልኳት፤ ገና ሳትጠይቀኝ።

«ባትሪ» አለች።

«ምነው ደውለሽ ነበር እንዴ?» አልኩ። በዚህ አፌ እንዲህ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አይደል» አለችኝ። «ጀልባውን ላሳይህ ነበር። መልእክቱንም ተወው፣ ንፋስ ነው ያለበት፣ አይሰማም።»

«እሺ» አልኩ።

ሲመለሱ ከአየር ማረፊያ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ሻንጣ አውርደን ስንጨርስ ወደ ክፍሌ መጥታ ጥቁር፣ ከሳሙና እምብዛም የማይበልጥ ነገር ሰጠችኝ። ፓወር ባንክ ነው። «ሁለተኛ እንዳይዘጋብህ» አለችኝና ጉንጬን መታ መታ አደረገችኝ። እፎይ አልኩ። አመነችኝ ብዬ።

ከዚያ ስምንት ወር ኖረች። በስምንቱ ወር ውስጥ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ምሳ ስታወጣ የእኔን ቀድማ ታወጣለች። ኢቃማዬ ሲታደስ ከእኔ ይልቅ እሷ ተደሰተች፤ ካርዱን ተቀብላ ፎቶዬን አየችና «ወንድሜ ሰው ሆነ» አለች። ያን ቀን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ አልኩ። ነገ ስል ጥር ደረሰ።

በጥር ማዳም ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻትና ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። የነዳሁት እኔ ነኝ። የልቧ አንዱ በር በደንብ አይገጥምም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል አሉ። እታለም ከዚያ ስትወጣ፣ «ያለፈ ሰው በሩን ይዘጋል እያልኩ የእኔው ክፍት ኖሯል» አለችኝ። ማዳም መድኃኒት አስጀመረቻት፤ ደረጃ መውጣት ከለከለቻት፤ ኑራን ራሷ ታስተኛት ጀመር። ለቀዶ ሕክምና ለግንቦት ቀጠሮ ተያዘ።

ሚያዝያ ላይ፣ ጠዋት፣ በክፍሌ ሆኜ ማሽኑ ሲዞር ሰማሁ። ድምፅዋም ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ፤ ማሽኑ ግን መዞሩን አላቆመም። ያወቅሁት በዚያ ነው። ሮጬ ስገባ ወለሉ ላይ ነበረች፤ የኑራ የትምህርት ቤት ሸሚዝ እጇ ላይ ነበር።

ሆስፒታል አራት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ከአጠገቧ ተቀምጬ፣ «እታለም፣ ያን ቀን እኮ...» አልኩ።

«የቱን ቀን?»

«የጀልባውን።»

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ነበር። «ቆይ፤ ውሃው ይተካከል» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ስልክህ ቻርጅ አለው?»

«አለው።»

«ጎበዝ።»

ሌላ አልተነጋገርንም። በማግስቱ ነው ማዳም ከፊት ወንበር የተቀመጠችው። ሐኪሙን ከስምንት ወር በፊት ታውቆ ቢሆን ኖሮስ ብዬ ባለችኝ እንግሊዝኛ ጠይቄው ነበር። «ሜይቢ» አለኝ። የዚህን ቃል ትርጉም አስተማሪ ሳያስፈልገኝ አውቀዋለሁ።

አስከሬኗ ሆሳዕና ሄደ። ወረቀቱን ያስጨረሰው ባባ ነው፤ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የነዳሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን ቀስ ብለህ ንዳ አለኝ። ቀብሯን በስልክ አየሁ።

ማዳም ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ሰጠችኝ። ስልኳም ነበረበት። መክፈቻውን አላውቀውም ነበር። ኑራ አየችና ከእጄ ወሰደችው፤ በጣቷ መስታወቱ ላይ የቤት ቅርጽ ሣለች፤ ተከፈተ። የእኔንና የእሷን መልእክት አወጣሁ። ወደ ነሐሴ ተመለስኩ።

የድምፅ መልእክት የተላከለት ሰው ሲከፍተው፣ በላኪው ስልክ ላይ ከመልእክቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ማይክ ሰማያዊ ትሆናለች። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ስዋሽ ግን ትዝ አላለኝም።

ማይኳ ሰማያዊ ናት።

እዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ ብረቱ በእጇ፣ ፓስፖርቷ በአንገቷ፣ ሰማያዊ ስትሆን አይታታለች። እንደሰማሁ አውቃ ነው የደወለችው። አንዴ ደወለች፣ ሁለቴ ደወለች፣ ሦስቴ ደወለች። ከዚያ መልሱ ገባት። ቅሪ ማለት ከብዶኝ ነይ ማለት አፍሬ እንደነበር ገባት። በሩን ዘጋች፣ በዚያ ልብ ሮጣ ደረሰችባቸው። በማግስቱ ስዋሻት አይታ አለፈችው። ፓወር ባንኩን ስትሰጠኝም ታውቅ ነበር። ጉንጬን ስትመታኝም። አል አዳማ ጀልባ አድርጋ ቁጢጥ ስታስብለኝም። ስምንት ወር ሙሉ ታውቅ ነበር፤ ኑራ እያለቀሰች ነበር የምትለው ለሰው ሳይሆን ለእኔ ነበር። ለመመለሷ ከእኔ ሌላ ምክንያት እየሰጠችኝ ነበር። የቆሻሻ በርሜሉን እንደገና መንገድ ላይ አቆመችልኝ።

እማዬ ከቀብሩ ወዲህ በየሳምንቱ «ድምፅዋን ላክልኝ» ትለኛለች። ስልክ መንካት አትችልም ነበር፤ ድምፅ መክፈት ከታናሽ እህታችን ተማረች። ያለኝን ሁሉ ላክሁላት። በዓል ስታስብ የላከችውን፣ ኑራን ስታስቃት የቀዳችውን፣ ጨው የት አለ ብላ የጠየቀችኝን ጭምር። አንዷን ብቻ አስቀረሁ። እማዬ የምታውቀው እታለም በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሞተች ነው። እኔም በዚያ ላይ አሜን ብያለሁ። ግን የእሷን ድምፅ ከእናቷ የደበቅሁት ራሴን ለማዳን ነው፤ ይህ ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ባለፈው አርብ ማዳምን አል ሙሐመዲያ አውርጄ አል አዳማ አልሄድኩም። ከእናቷ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ ጥላ አገኘሁና መኪናውን አቆምኩ። ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነበር። ስልኬ ባትሪው ዝቅ ብሏል፤ ፓወር ባንኩን ሰካሁበት። መልእክቱን ላክሁት። ከሥሩም፣ «እማዬ፣ ይህን የዚያኑ ዕለት ሰምቼዋለሁ። ስትደውል አላነሳሁም» ብዬ ጻፍኩ። እህታችን ታነብላታለች።

ማይኳን እያየሁ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ግራጫ ነበረች። ሰው ሁሉ ከመስጊድ ወጥቶ አለቀ፤ መንገዱ ባዶ ሆነ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነች።

መልእክቱ አንድ ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል። ከእማዬ ጋር አብሬ በልቤ ሰማሁት። ጀልባው ሄዷል። በሩ ቀይ ነው። አሁን እደውላለሁ፣ አንሳ።

ስልኩ ጠራ። በእጄ ነበር። የእማዬን ስም አየሁት።

አነሳሁት።